እየጋለ የሚቆመው ፓምፕ

ገመቺስ አምቦ ላይ ስሙ የተጠራ መካኒክ ነው። ጄኔሬተርም ይሁን የሣር ማጨጃ፣ እሱ እጅ ገብቶ ሳይነሣ የቀረ ሞተር የለም። ያዋረደው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጊንጪ ያለው የገዛ እናቱ የመስኖ ፓምፕ። ጉድ እኮ ነው!

ነገሩ ሁሌ ያው ነው። ሞተሩ ደህና ሲሠራ ይከርምና ድንገት ግሎ ቀጥ ይላል። እናቱ አዴ ጉዴ ይደውላሉ። ገመቺስ ጋራዡን ዘግቶ ሲመጣ ጭኮው ተለውሶ ይጠብቀዋል። በልቶ፣ ፈትቶ፣ ጠርጎ፣ አስነሥቶ ይመለሳል። ትንሽ ሰንበት ይልና ደግሞ ስልክ።

የጥምቀት ሰሞን እናቱ ዘንድ ሲከርም ያ ሞተር እንከን አልወጣለትም ነበር። እሱ አምቦ ገብቶ ሥራውን ሲጀምር ግን ጋለ።

በፓምፑ የሚያጠጡት ጎረቤቶች ይስቁበት ጀመር። «መካኒኩ መጣ፤ ሞተሩን ደብቁ!» ይላሉ። ድንቹ በውሃ ጥም ሲጠወልግ ሳቁም ቀረ። ገመቺስ ከሳቃቸው ይልቅ ዝምታቸው ባሰበት፤ በመንደሩ ሲያልፍ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ዘይት ቀየረ፤ ካንዴላ ቀየረ። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ የነፋሱን መግቢያ በከፈተ ቁጥር ገለባ ታጭቆ ያገኛል። አውድማው ቅርብ ነውና ነፋስ ያመጣው መስሎት ወንፊት ገጠመለት። በሚቀጥለው ሲመጣ ወንፊቱ እንዳለ ነው፤ ገለባው ግን ከወንፊቱ ኋላ ተጠቅጥቋል።

«ይሄማ የሰው እጅ ነው!» አለ።

የማን? ፓምፑ ሲቆም የወንዙ ውሃ የሚተርፈው ከታች ላለው ለኦቦ ጅሩ ማሳ ነው። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

«ተው ልጄ፣ ጅሩ ደግ ጎረቤት ነው» አሉት አዴ ጉዴ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! እማ፣ አንቺ ዝም በይ።»

ገመቺስ ሽማግሌ ሰበሰበ። ጅሩ «አካም ጅርታ?» ብሎ እጁን ቢዘረጋለት ሳይጨብጠው ቀረ። ሽማግሌው ጉተማ፣ ፓምፑ አጠገብ የሚውል ሁሉ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ገብርኤል ደጃፍ ይማል ብለው ፈረዱ። በደንባቸው ከሳሽም ቤተሰቡን ያስምላል።

እሁድ መጀመሪያ የቆመው ጅሩ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ሌባ መቆሙ አንገቱን አስደፍቶታል።

«እጄን አሳርፌበት እንደሆነ ገብርኤል ይፍረድብኝ!» አለና እንባው መጣ።

ገመቺስ ፊቱን አዞረ። ያን ሽማግሌ ሰው ማስለቀሱ ቢጸጽተውም «የአዞ እንባ ነው» ብሎ ራሱን አጽናና። ሌሎቹም ተራ በተራ ማሉ። የቀሩት አዴ ጉዴ ብቻ ናቸው።

«እማ፣ አንቺም ለደንቡ ያህል ቃልሽን ስጪና ወደ ቤት እንግባ» አላቸው።

አዴ ጉዴ አልተንቀሳቀሱም። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ ሲያያቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

«በሐሰትስ አልምልም ልጄ፤ ሞተሩ ካልጋለ መቼ ትመጣለህ?»