አምባሩ የማያውቃት ወር

የጫማ ፋብሪካው የሠራተኞቹ ሞራል ዓመቱን ሙሉ እንዳይወድቅ ለሁሉም አምባር አድሏል። አምባሩ የሰውን የቀን ደስታ ጠቅልሎ ለሥራ ሰዓት ያውለዋል፤ ብርዛፍ እየሳቀች ጫማ ስትሰፋ ትውልና ለልጇ የሚተርፍ ሳቅ ሳይኖራት ቤቷ ትገባለች።

አምባሩን የሠሩት ሰዎች ግን ጳጉሜን ዘንግተዋት ኖሮ፣ ነሐሴ ሲያልቅ አምባሩ ሁሉ ሥራውን አቆመ።

«ጉድ ፈላ! አሁን ማን ሥራ ይገባል?» አሉ አለቃዋ አቶ ደርበው።

ሁሉም ገባ። እየተቀላለዱ፣ የደከመችውን እያገዙ ሥራውን ጨረሱ።

ማታ ልጇ የጎረቤታቸውን አረማመድ አስመስላ ስታሳያት ብርዛፍ ከት ብላ ሳቀች።

ልጅቷ ደነገጠች። «እማዬ፣ ቤትም ትስቂያለሽ እንዴ?»

መስከረም ሲጠባ አምባሮቹ ተጠግነው በሳጥን መጡ። ብርዛፍ እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

«ጋሼ፣ በጳጉሜ ምን አጎደልን?»

አቶ ደርበው የራሳቸው አምባር የነበረበትን እጃቸውን አሻሹ።

«ጳጉሜ አለቀች ያለው ማነው?» ብለው ሳጥኑን መልሰው ዘጉት።