የብራር ዘር

የነዳጅ ዋጋ በወደቀበት ዓመት ካናዳ፣ ካልገሪ ውስጥ ከሥራ መባረር እንደ ጉንፋን ነበር፤ ያልገባበት ቤት አልነበረም። ሌላው ሰው ጉንፋኑን ታቅፎ ተኛ። ፍስሐ ግን ያስነጠሰበትን ሰው ፈለገ።

ፍስሐ የብረት ቧንቧ በሚከመርበት ግቢ ፎርክሊፍት ሲነዳ ነው ጠጉሩ የሸበተው። ጡረታው ደጃፍ ላይ ደርሶ ሳለ አሰናበቱት። ወሬውን ያመጣለት አብሮት ይሠራ የነበረው ታደገ ነው።

«ጋሼ፣ ሌይኦፉን የወሰነው ብራር የሚባል ነው አሉ። ዳውንታውን፣ የገዛን ካምፓኒ ሄድ ኦፊስ ነው ያለው። የኛ ሱፐርቫይዘር ‹ፍስሐን ብቻ ተዉልኝ› ብሎ ለምኖ ነበር። ብራር ‹መጀመሪያ እሱ ይውጣ› አለ አሉ።»

«እኔን ከየት ያውቀኛል?»

«አይ ዶንት ኖው፣ ጋሼ። የህንድ ስም ነው መሰለኝ።»

ፍስሐ ድሮም ህንድ ሲባል ፊቱ ይጠቁራል። ለምን እንደሆነ ቤቱ ያውቃል፤ ሌላ ሰው ደፍሮ አይጠይቀውም።

ፓይንሪጅ ያለው ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ውብነሽ የዶሮ ወጥ ድስት በአረንጓዴ ፎጣ ትጠቀልል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮርነርስቶን የሚባል ሰፈር ማኅበር አላት።

«ብራር ይባላል» አላት። «ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ ልጆቹ ፊት አዋርጄው፣ ረግሜው ነው የምመለሰው።»

ውብነሽ እጇ ፎጣው ላይ ቀረ። «በማርያም ተወው። ሥራ ነው፣ ሌላ ይገኛል።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ!»

«እሱንስ አውቃለሁ» አለችና ድስቷን ይዛ ወጣች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ብራር የሌለበት ቦታ ጠፋ። የአውቶቡስ ማቆሚያው ወንበር ላይ ቤት የሚሸጥ ብራር ይስቃል። መንገድ ማዶ ጥርስ የሚነቅል ብራር አለ። አስፋልት የሚያነጥፍ ብራር፣ የጭነት መኪና ላይ የተጻፈ ብራር። ፍስሐ ባደገበት አገር ከሰው ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነውና፣ እነዚህን ሁሉ የአንድ አባት ልጆች አደረጋቸው። ‹ይሄ ብራር የሚሉት ሰውዬ እንደ አሸዋ ነው እንዴ የወለደው?› እያለ ተብከነከነ። ዘሩን በሙሉ ጠላ። ጥላቻውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሥራ ከመፍታት ይሻለው ነበር፤ ጠዋት የሚነሣበት ጉዳይ አገኘ።

የገበያ ማዕከሉ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱ የፑንጃብ ሽማግሎች አሉ። ሰማያዊ ጥምጥም ካደረገው፣ ሃርዲያል ከሚባለው፣ አጠገብ ተቀመጠ።

«ብራር የሚባል ሰው ታውቃለህ?»

ሃርዲያል እስኪያስለው ሳቀ። «አንዱ እኔ ነኝ። የትኛውን ነው የፈለግከው?»

«ወንድምህ ከሥራ አባረረኝ!»

«ረጋ በል፣ ወንድሜ። ብራር የአባት ስም አይደለም፤ የጎሳ ነው። ድሮ ድሮ ብራር የሚባል አንድ ሰው ነበረ ይሉናል። ዘሩ ደቡብ ፑንጃብን፣ የፋሪድኮትንና የሞጋን ገጠር ሞላው። እርሻው ሲጠበን ስሙን ተሸክመን ወጣን። አንዳንዱ ቫንኩቨር እንጨት ሊሰነጥቅ፣ አንዳንዱ ብራምፕተን መኪና ሊነዳ፣ እኛም እዚህ ብርዱን ልንበላ። ወንድ ልጅ ይወርሰዋል፣ ሙሽራም ትገባበታለች። እንዲህ እንዲህ እያለ በዛ።»

«በእኛ ሴት የአባቷን ስም ይዛ ትዳራለች፣ የአባቷን ስም ይዛ ትቀበራለች» አለ ፍስሐ አንገቱን ቀና አድርጎ።

«ሴት ልጅ አለህ?»

«ሞታለች።»

ሃርዲያል ካርታውን አስቀምጦ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚህ በኋላ እምቢ ማለት አልሆነለትም። ቤተ መቅደሳቸው ውስጥ ጠያይቆ የነዳጅ ካምፓኒውን ብራር ቤት እንደሚፈልግለት ቃል ገባ።

ቅዳሜ ውብነሽ ከወጣች በኋላ ሃርዲያል ስልክ ደወለ። «ኮርነርስቶን ነው» ብሎ አድራሻውን ነገረው። «ግን ስለዚያ ቤት መጀመሪያ አንድ ነገር ስማኝ፣ ወንድሜ...»

ፍስሐ ስልኩን ዘጋው። የመኪናውን ቁልፍና ስሙ በማርከር የተጻፈበትን የሥራ ሄልሜቱን አንሥቶ ወጣ። መንገዱን ሁሉ እርግማኑን ሲመርጥ ሄደ። በእንግሊዝኛ አልሆን አለው፤ በእንግሊዝኛ የተራገመ ሰው አንጀቱ አይርስም።

ቤቱ አዲስ ነው፣ የደረጃው በረዶ ተጠርጓል። ደወሉን ሳይሆን በሩን በቡጢ ደበደበ። የከፈተችለት ፀጉሯ ለሁለት የተጎነጎነ ትንሽ ልጅ ናት።

ለአፍታ አመነታ። ከዚያ ‹መጀመሪያ እሱ ይውጣ› የሚለው ቃል ትዝ ሲለው ደሙ ፈላ። ሄልሜቱን ደፉ ላይ ወረወረ።

«የብራር ዘር ይድረቅ!» ብሎ ጮኸ። «የዚህ ቤት ልጅ ወግ ማዕረግ አይይ! እስከ ሰባት ቤት ስም ጠሪ አይገኝ!»

ልጅቷ አልደነገጠችም። ሄልሜቱን አነሣችና ራሷ ላይ ደፋችው፤ አፍንጫዋ ድረስ ወረደባት። ከኋላዋ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ በአረንጓዴ ፎጣ የተጠቀለለ ድስት ነበር።

«አባዬ፣ ‹ህንድ ካገባሽ ስሜን ከስምሽ አውጪ› አልከኝ፣ አወጣሁት፤ አሁን ደግሞ የልጅ ልጅህን ትረግማለህ?» አለች አንዲት ሴት ከውስጥ።