አባባ በየጠዋቱ የሚዘጓት ቢጫ መስመር

"እግሮቹ የሉም!"

ስልኩን ያነሳው ልጅ መጀመሪያ አልገባውም...

"የምን እግር አባባ?"

"የደንበኞቼ ነዋ! አንድም አልቀረም። ስከፍተው ነጭ ብቻ ነው የሚመጣው... ይኸው ሦስት ቀኑ።"

"ሦስት ቀን ሙሉ ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

አባት "ብቻ ቶሎ ና" ብለው ስልኩን ዘጉ።

እስቲ ስለ እኚህ አባት ልንገራችሁ...

ጫማ ሠሪ ናቸው። ሱቅ ገብታችሁ ቁጥር ጠርታችሁ የምትገዙትን ዓይነት ግን አይደለም። አንድ እግሩ ላጠረ፣ ቁርጭምጭሚቱ ለዞረ፣ በሱቅ ጫማ መራመድ ላቃተው ሰው ነው የሚሠሩት።

የሥራ ክፍላቸው ቆዳና ማስቲሽ ይሸታል። ጥግ ላይ ጀርባው ያበጠ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረ።

እዚያ ውስጥ ከሃያ አንድ ዓመት በፊት ከሲዲ ላይ የተጫነ ፕሮግራም አለ። ኢንተርኔት የሚባል ነገር አያውቅም። ፓስወርድ አይጠይቅም። ሲከፍቱት ይከፈታል... አለቀ።

የሺህ አንድ መቶ ሰው እግር እዚያ ተቀምጦ ነበር። ሥዕሉ፣ ልኩ፣ ሶሉ ስንት ሚሊሜትር ከፍ እንደሚል፣ የቱ ጋ እንደሚያመው...

"የግራዋ ትንሽ ጣት ላይ አይጥበቅ። ብርድ ሲሆን ታብጣለች።" እንዲህ እያሉ ይጽፉበታል።

በፊት የሚጽፉበትን ወረቀትማ አይጥ ጨርሶታል።

ታዲያ አንድ ቀን አጅሬ ልጃቸው መጣ...

አጅሬ የኮምፒውተር ሰው ነው። አሮጌውን ሲያይ ከት ብሎ ሳቀ።

"አባባ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም ነው መግባት ያለበት! አሁን ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ ነው። መሰረቅ የለ፣ መቃጠል የለ።"

"ይሄስ ምን ሆነ? ይሠራል እኮ።"

"መሥራቱንማ ይሠራል... ግን ጊዜው አልፎበታል!"

አባት ተሸነፉ። የተማረ ልጅ ሲናገር ምን ይባላል?

አጅሬ እግሮቹን ሁሉ ወደ አንድ የኢንተርኔት አገልግሎት ጫነ። በአባቱ ስም ኢሜይል ከፈተ። ፓስወርዱን ራሱ ያዘ። ለአባቱ አዲስ ላፕቶፕ ገዝቶ አሮጌውን ኮምፒውተር ለሰፈሩ ፎቶ ኮፒ ቤት ሰጠ።

ያንን ኢሜይል ከዚያ ወዲህ ዞር ብሎ አላየውም።

ሦስት ዓመት ሰላም ሆነ...

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ።

ልጁ ሲበር መጣ። አገልግሎቱን ከፈተ። የለም! ድርጅቱ ሥራ አቁሟል። "አብራችሁን ስለነበራችሁ እናመሰግናለን" የምትል አንዲት ነጭ ገጽ ብቻ ቀርታለች።

ኢሜይሉን ከፈተ... ስድስት ደብዳቤ ተደርድሯል።

"በዘጠና ቀን ውስጥ ፋይሎቻችሁን አውርዱ።"

"ሠላሳ ቀን ቀርቷችኋል።"

"ነገ የመጨረሻው ቀን ነው።"

ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሮጠ።

የሚገርማችሁ... አሮጌው ኮምፒውተር ዛሬም ይሠራል! ፕሮግራሙን ነካው። እንደ ድሮው ከፈት አለ።

"የደንበኞች ብዛት፦ 0"

ለካ ያኔ ኮምፒውተሩን ሲሰጥ "የሰው መረጃ ሌላ እጅ አይግባ" ብሎ፣ ተመልሶ እንዳይገኝ አድርጎ ያጠፋው ራሱ ነው።

ወደ አባቱ ሲመለስ አንዲት አስተማሪ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ቀኝ እግሯ በአራት ሴንቲሜትር ያጥራል። ሳያማት የምትቆምበትን ጫማ ለማግኘት አባትዬው ስምንት ዓመት እየሠሩ፣ እያፈረሱ ለፍተዋል።

"ጋሼ፣ ይሄኛው ተበልቶ አልቋል፣ ቅርጹም ጠፍቷል። እንደ ድሮው አድርገው ይሥሩልኝ።"

አባት እጃቸውን አዩት። አሁን በእርጅና ይንቀጠቀጣል። እንደ አዲስ ለክቶ፣ እንደ አዲስ ስምንት ዓመት የሚለፋ እጅ አይደለም።

"ሌላ ጊዜ ነይ ልጄ..." አሏት።

እሷ ስትወጣ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ለመንገር የፈራሁህ።"

"ምን አድርገው አባባ?"

"ያቺ ከላይ በኩል በእንግሊዝኛ የምትመጣው ቢጫ መስመር... ደውዬ ጠይቄህ አልነበር?"

ልጁ ትዝ አለው፤ ለካ ያቺ መስመር ያው የኢሜይሎቹ ማስጠንቀቂያ ነበረች። ስብሰባ ላይ ነበር። "ማስታወቂያ ናት አባባ፣ ጥግ ላይ ያለችውን ኤክስ ይንኩ፣ ትጠፋለች" ብሎ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋ።

"በየጠዋቱ ትመጣለች፣ እኔም በየጠዋቱ እዘጋታለሁ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልዘነጋሁም... ምናልባት አንዱን ቀን መነጽሬን ሳላደርግ ሌላ ነገር ነክቼ ይሆን?"

ልጁ ምን መለሰ መሰላችሁ?

ምንም።

"አይዞዎት" እንኳን አላለም።

አጅሬ እኔ ነኝ... የዚህ ገጽ አድሚን። በየሳምንቱ "ወላጆቻችሁን አክብሩ" እያልኩ የምጽፍላችሁ ሰው።

የሥራ ክፍሉ ከተዘጋ አምስት ወር ሆነው። አስተማሪዋን ትናንት መንገድ ላይ አየኋት፤ የሱቅ ጫማ አድርጋ በአጥር ተደግፋ ትሄዳለች። ሰላም ሳልላት መንገድ ተሻገርኩ።

አባባ አሁንም ጥፋቱ የእሳቸው ይመስላቸዋል። ሰው ሲጠይቃቸው "እጄ ነው ጉድ የሠራኝ" ይላሉ፤ እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

ትምህርቱ ይኼ ነው፦ ቤታችሁ ያለው አሮጌ ነገር ቢያንስ የእናንተ ነው። ሰው ቤት ያስቀመጣችሁት ግን ባለቤቱ በሩን የዘጋ ቀን አብሮ ይዘጋል። ወላጅ "ይሄ ምንድነው?" ብሎ ሲጠይቃችሁ ደግሞ እባካችሁ... አንብባችሁ ንገሩት። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

አሁን የምጠይቃችሁ ለወጉ አይደለም፣ ጨንቆኝ ነው...

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ፣ ለአባባ እውነቱን ምን ብላችሁ ትጀምሩላቸዋላችሁ?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። እያንዳንዱን አነባለሁ።