የአውራ ጣት ጉልበት

"ሠላሳ ላይ ስትደርሺ 'ወይ እግሬን!' እላለሁ፤ እንዳትደነግጪ" ይላሉ ሽማግሌው በሹክሹክታ፣ ግራ ተረከዛቸው በተፈታኟ ሐኪም መዳፍ ላይ እንዳለ።

አትደነግጥም። የተዘረጋው እግር ከአልጋው ሠላሳ ዲግሪ ያህል ከፍ ሲል ሽማግሌው "ወይ እግሬን!" ይላሉ፣ በቀጠሮው። በሩ አጠገብ የተቀመጠው ፈታኝ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋል።

ሽማግሌው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። አራት ዓመት ሙሉ፣ የጀርባ ሕመምን ያለ ቀዶ ጥገና ለማከም የሚሠለጥኑ ሐኪሞች የመጨረሻ ፈተና በደረሰ ቁጥር እርሳቸው እዚህ አልጋ ላይ ይጋደማሉ። ጀርባቸው የታወቀ ነው፤ መልሱም የታወቀ ነው። ሠልጣኞቹ "ፕሮፌሰሩ" ይሏቸዋል። ከየትኛው ጥያቄ ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ ከሠልጣኞቹ ይልቅ እርሳቸው ያውቁታል፤ የረሳ ካለም በቅንድባቸው ያስታውሱታል። ዛሬ እርሷ አሥራ ሁለተኛ ተፈታኝ ናት።

አምና በዚሁ ፈተና ወድቃለች። "እጅሽ ጎበዝ ነው፤ አፍሽ ግን ይቀድመዋል" ተብላ። ዘንድሮም ብትወድቅ ከሥልጠናው ትሰናበታለች። ስለዚህ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ፣ ካለፉት ልጆች ደብተር ለምና፣ የሽማግሌውን ጀርባ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ሸምድዳ መጥታለች።

"አሁን የጣቱን ጉልበት" ይላል ፈታኙ።

አውራ ጣቷን በሽማግሌው የግራ እግር አውራ ጣት ላይ ታሳርፋለች። "ወደ ላይ ይሳቡት አባባ፣ እኔ ልከልክልዎት።" ይህን ብላ ሳትጨርስ አፏ ቀድሟል፤ "ጉልበት አምስት ከአምስት። ሙሉ ነው።"

ፈታኙ ይጽፋል።

እጇን ግን የገፋት ነገር የለም። ጫን ትላለች። ጣቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተኝቷል።

"አባባ፣ ይሳቡት እንጂ።"

"እየሳብኩት ነው እኮ።"

ቀኙን ትሞክራለች፤ ቀኙ እጇን ገፍቶ ሊያስለቅቃት ይደርሳል። ወደ ግራው ትመለሳለች። ምንም።

"ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው?"

ሽማግሌው ግራ ይጋባሉ። ይህ ጥያቄ በአራት ዓመት አንድ ቀን መጥቶ አያውቅም። "ጣቱ? እሱማ ሦስት ሳምንት ሆነው መሰለኝ። ነጠላ ጫማዬ መንገድ ላይ ጥሎኝ ይቀራል። የልጅ ልጆቼ 'አያታችን ጫማ ይዘራሉ' እያሉ ይስቁብኛል።" ራሳቸውም ፈገግ ይላሉ።

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"ማን ጠየቀኝና ልጄ? እዚህ የሚጠየቀውን አውቀዋለሁ።"

ሦስት ሳምንት። ጀርባ ውስጥ የታነቀ ነርቭ ቀጠሮ አይሰጥም። መርፌው፣ ኪኒኑ፣ እንቅስቃሴው፣ ሁለት ዓመት ዓይኗ እስኪቀላ የተማረችው ሁሉ ለዚህ ጣት አይሆነውም። ይህ የቀዶ ሐኪም ሥራ ነው፤ እሱም በጊዜ ቢደርስ። ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አንድ ሐኪም ይህን ጣት ይዞ "አምስት" ብሏል። አሥራ ሁለተኛዋም ብላለች።

"ዶክተር፣ አምስት ያልኩት ይሰረዝልኝ። ዜሮ ነው።"

ፈታኙ ቀና ይላል። "ልክ መልሰሻል እኮ። መልሱ አምስት ነው። ዘንድሮም በአፍሽ ልትወድቂ ነው?"

"መልሱ የዛሬ አራት ዓመት ነው። እግሩ ግን የዛሬ ነው። መጥተው ይንኩት።"

ፈታኙ ብዕሩን አስቀምጦ ይመጣል። ሽማግሌው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ያያሉ።

"አይቆጧት ዶክተር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" ይላሉ። "ከጠዋት ጀምሮ ስጋደም ሰንፌ ነው እንጂ ይነሣል። ትንሽ ፋታ ስጡኝ።"

"ይተዉት አባባ፣ አይድከሙ።"

"ዝም በይ አንቺ። በእኔ ጣትማ አትወድቂም።"

ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይጨብጣሉ። የአንገታቸው ሥር ይገተራል፤ ጭናቸው ይንቀጠቀጣል፤ ያልታዘዘው ቀኝ እግር አብሮ ይወጠራል። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ይላል። ፈታኙ ጣቱን በጣታቸው ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን ይሰበስባል። እርሷን አያያትም።

"አሁንስ?" ይላሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "አሁንስ ተነሣ?"

ሁለቱ ሐኪሞች አልጋው ግርጌ ቆመው ጣቱን ያያሉ። ጥፍሩ ተሞርዶ፣ ዙሪያው ታጥቦ ንጹሕ ነው፤ ለፈተናው ቀን ተብሎ።