የሲስተር ወለላ «እኔን!»

ሆስፒታሉ የሠራተኞቹን ርኅራኄ በማሽን መለካት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በየነርሱ ደረት ላይ የምትለጠፈው ክብ መለኪያ፣ ለታማሚ «አይዞህ» ሲባል ሁለት ነጥብ፣ «እኔን!» ሲባል ደግሞ አምስት ትመዘግባለች። ሲስተር ወለላ ከተመላላሽ ክፍል ነርሶች አንደኛ ነች። መርፌውን ገና ከማሸጊያው ሳታወጣ «እኔን ይድፋኝ!» ትላለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ባሏ ታረቀኝ የርኅራኄ ሰርተፍኬቷን ሳሎን ሊሰቅል ምስማር ሲመታ፣ መዶሻውን አውራ ጣቱ ላይ አሳረፈው።

«ኧረ ሞትኩ!»

ወለላ የምትከትፈውን ሽንኩርት ጥላ ብድግ አለች። አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው።

«ቆይ፣ አንዴ ጠብቀኝ!» ብላ ወደ መኝታ ቤት ሮጠች። ቦርሳዋን ገልብጣ መለኪያዋን አገኘች፤ ደረቷ ላይ ለጥፋ እያለከለከች ተመለሰች።

«እኔን! እኔን ይድፋኝ የኔ ጌታ!»

መለኪያዋ ቀይ አበራች። «የታማሚው የካርድ ቁጥር አልተገኘም» አለች።

«ይኸው! ደህናዋን “እኔን” በከንቱ አስጨረስከኝ!» ብላ ወለላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ታረቀኝ ጣቱን እፍ እፍ አለ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ስትገባ ባሏ አውራ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ከወረፋው ፊት ተቀምጧል።

«ምነው ታረቀኝ? ጣትህ ትናንት ድኖ አልነበር እንዴ?»

«ድኗል» አለ፣ አዲሱን ካርድ በሁለት እጁ እየዘረጋላት። «ይኸው ካርድ አውጥቻለሁ፤ አሁን በይኝ።»