የኦቦ ፈይሳ ውጅግራ

ቀንዓ ከሚያስተምርበት ከአምቦ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አባቱ ሲመጣ፣ ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ የሚሄደው ወደ በቆሎው ማሳ ነበር። በዚያ መስከረም በሄደ ቁጥር ተናዶ ይመለሳል።

እሸቱ እየጎደለ ነው። አገዳው እንደቆመ ነው፤ ከላዩ እሸቱ ብቻ እየተገነጠለ ይጠፋል። ከርከሮው ተዝናንቶ፣ እያማረጠ የሚበላ ይመስላል። አጠገባቸው ባለው በሆርዶፋ ማሳ ግን አንድ እሸት አልተነካም። ሆርዶፋ የቀበሌ ታጣቂ ነው፤ ክላሽ አለው።

የቀንዓ አባት ኦቦ ፈይሳ ያላቸው ውጅግራ ነው። አንድ ጎራሽ። አንዴ ከተኮሰ፣ ቀለሁን አውጥተው ሌላ እስኪያጎርሱት ድረስ ከዱላ አይሻልም።

የቀንዓ አያት በአንድ ጊደር ለውጠው የገዙት ነው። ያኔ ምንሽር የጥማድ በሬ ዋጋ ያወጣ ነበር። በደርግ ጊዜ መሣሪያ ሲለቀም፣ ውጅግራው ሞራ ተቀብቶና በቆዳ ተጠቅልሎ በረት ውስጥ ተቀበረ። መንግሥት ሲለወጥ ተቆፍሮ ወጣ፤ ምላጩን ገና ሲስቡት ጮኸ። ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ቀለሁ እየተለቀመ ባሩድና እርሳስ ይሞላል። ኦቦ ፈይሳ ይህን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይተርኩና፣ የጎረቤት ምንሽሮች ዛሬ የት እንዳሉ ይጠይቃሉ። ማንም አያውቅም።

ቀንዓ ይህን ታሪክ ሰምቶ ሰምቶ ሰልችቶታል። አባቱ በየቀኑ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ማማው ላይ ይወጣሉ፣ አንዴ ይተኩሳሉ፣ ጥቂት ይቆዩና ወደ ቤት ይገባሉ። አንድም ከርከሮ ገድለው አያውቁም።

«መምህር፣» አለው ሆርዶፋ አንድ ቀን እየሳቀ፣ «አባትህ እኮ ለከርከሮው ደወል ነው የሚደውሉለት። እራት ደረሰ እያሉ።»

ቀንዓ አልሳቀም። ጤፉን በረዶ መትቶታል፤ አባቱ እስከሚቀጥለው አዝመራ የሚበሉት ይህንኑ በቆሎ ነው። ማማው ላይ የሚተካቸው ሰው እንኳ የለም። እናቱ ሞታለች። እህቱ ለንሳ የታጨችለትን ሰው ትታ ከሌላ ጎረምሳ ጋር ኮብልላለች። ያኔ ጥሎሹን ለእጮኛዋ ቤተሰብ አንገቱን ደፍቶ የመለሰው ቀንዓ ነበር። በዚያው ቀን በሽማግሌዎች ፊት ደጃችንን አትረግጥም ብሎ ማለ። በአገሩ ደንብ ደግሞ በሽማግሌ ፊት የተማለውን፣ ከማለው ሰው በቀር አባትም ቢሆን አይሽረውም። ከወንዙ ማዶ ትኖራለች ሲባል ሰምቷል፤ ጠይቆ አያውቅም።

መጀመሪያ የጠረጠረው ውጅግራውን ነው። አፈሙዙ አልቆ ይሆናል ብሎ አጥሩ ላይ ቅል ሰቀለና ከሩቅ ተኮሰበት። ቅሉ ተበተነ።

ቀጥሎ የአባቱን ዓይን ጠረጠረ። ኦቦ ፈይሳ ግን ከጌዶ በኩል የሚመጣውን ሰው፣ ገና ኮረብታው ላይ ሳለ፣ በአካሄዱ ለይተው ስሙን ይጠሩ ነበር።

«አባ፣ ይሽጡት፣» አላቸው በመጨረሻ። «ሆርዶፋ ክላሽ ያገኝልናል።»

«ክላሽ መቼ እንደሚያበቃ አይታወቅም፣» አሉ አባቱ ሰደፉን በጨርቅ እያሹ። «ይሄ አንዴ ነው የሚጮኸው። ከጮኸ በኋላ ባዶ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።»

«ሁሉም ካወቀ ማን ይፈራዋል?»

«ማንም፣» አሉ ኦቦ ፈይሳ። የኮሩ ይመስሉ ነበር። ቀንዓ በሩን ወርውሮ ዘግቶ ወጣ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ጌዶ ላይ ሁለት ቤተሰብ ተጣልቶ ኖሮ፣ ኦቦ ፈይሳን ለሽምግልና መጥተው ወሰዷቸው። በድንገት ስለሆነ ጋቢያቸውን እንኳ የደረቡት መንገድ ላይ ነው። ከአጥሩ ማዶ ዞር አሉና ማማው ላይ እንዳይወጣ ነገሩት።

«ለአንድ ቀን ይብላ፣» አሉ። «ውጅግራዬንም አትንካ።»

ቀንዓ እሺ አለ። ወዲያው ሆርዶፋ ቤት ሄዶ ክላሹን ተዋሰ።

«አቀባብዬልሃለሁ፣» አለው ሆርዶፋ። «ምላጩ ልስልስ ነው፤ እንደ አባትህ ብረት ተጎትቶ የሚሳብ እንዳይመስልህ።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቀንዓ ሁለቱንም ይዞ ማማው ላይ ወጣ። ውጅግራው ለመጨረሻ ጊዜ ይፈተን ብሎ አሰበ። አባቱ ሲመለሱ፣ ሞከርኩት፣ ከርከሮው ጆሮውን እንኳ አላነቃም ሊላቸው ነው። እንደ አባቱ ከባሕር ዛፉ አናት በላይ አነጣጥሮ ተኮሰ። ድምፁ ወንዙን ተሻግሮ ከኮረብታው ተመለሰ። ከዚያ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ።

ጥቂት ቆይቶ በወንዙ በኩል በቆሎው ተንቀሳቀሰ።

የሚሸሽ አልነበረም። አገዳው እየተከፈተ፣ እየተዘጋ፣ በቀጥታ ወደ ማማው ይመጣል። የቀንዓ ፊት በንዴት ጋለ። ይኸው፣ ከርከሮው ድምፁን ሰምቶ መሸሽ ቀርቶ ሊጎበኘው እየመጣ ነው። ሆርዶፋ እውነቱን ነው፤ የእራት ደወል።

ውጅግራውን ወደ ጎን ወርውሮ ክላሹን አነሳ።

የሚወዛወዘው አገዳ ሁለት ቦታ ነው። ፊት ለፊት ትልቁ፣ ከኋላው ደግሞ አንድ ትንሽ። እናትና ግልገል፣ አለ በልቡ። ክላሽ ለሁለቱም ይበቃል። አፈሙዙን ትልቁ ላይ አስተካከለ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ጣቱን ምላጩ ላይ አሳረፈ።

«አባ፣» አለ ከበቆሎው ውስጥ የለንሳ ድምፅ፣ «ዛሬ ልጁንም እንዲያዩት ይዤው መጣሁ።»