የእግረኛ መንገዱ ማኅተም

ሲሚንቶው ለማኅተም ሲደርስ፣ ጥቁሩ ሽማግሌ እንደ ልማዱ ባልዲውን አንሥቶ እጁን ሊታጠብ ሄደ። የአሜሪካዋን የኦክላንድ ከተማ የእግረኛ መንገድ ሲያነጥፍ ነው የኖረው፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ስማቸውን የሚያትሙበት ግን ሥራውን ከከተማው የሚወስዱት ነጮቹ ትልልቅ ተቋራጮች ነበሩ። ዘንድሮ ከተማው ሥራውን ከፋፍሎ ለትንንሾችም ጨረታ ሲያወጣ፣ ይህን መንገድ እሱና ሴት ልጁ ተወዳድረው አሸነፉ።

“አባዬ፣ ወዴት ነው?” አለች ልጁ።

“ልታጠብ ነዋ! ማተም የባለቤቱ ሥራ ነው።”

“ታዲያ ባለቤቱ ጥሎኝ የት ይሄዳል? ና እንጂ፣ ሊደርቅብን ነው!”

ባልዲውን አስቀመጠ። ተንበርክኮ የነሐሱን ማኅተም በሁለት እጁ ተጫነው። ሲያነሣው፣ “ቶሊቨርና ሴት ልጁ” የሚል ጽሑፍ ጥርት ብሎ ወጣ። ልጅቷ ባልዲውን አቀረበችለት።

“ተይው” አለ፣ ሲሚንቶ የለበሰ እጁን እያየ። “እናትሽ ትየው።”